የባትሪ ድንጋይ የማይጠይቀው ሬድዮ

በብዙዎቻችን ቤት ሬድዮ የገባው ከማይቋረጥ ወጪ ጋር ነው፤ ከባትሪ ድንጋይ ወጪ ጋር። ድንጋዩ ሲደክም የጋዜጠኛው ድምፅ ይሰልላል፤ ቆይቶም ጭራሹን ይጠፋል። ድንጋዮቹን አውጥቶ ፀሐይ ላይ ማስጣት የተለመደ ነበር፤ በጥርሱ ነክሶ የሚመልሳቸውም አይጠፋም። (መንከሱ ለጤና ጎጂ ነውና ማንም እንዳይሞክረው ከወዲሁ ላሳስብ።) አዲስ ድንጋይ ከሱቅ እስኪገዛ ድረስ ቤቱ ዝም ይላል።

ዛሬ ላጫውታችሁ የፈለግሁት ስለ ሌላ ዓይነት ሬድዮ ነው። የባትሪ ድንጋይ አይበላም፤ ሶኬት አይፈልግም፤ በፀሐይ ኃይልም አይሠራም። ሲከፍቱትና ሲዘጉት የሚጫኑት ቁልፍ እንኳ የለውም። የሚገርመው ግን የሚሠራው በድንጋይ ነው፤ ከምድር ተቆፍሮ በወጣ እውነተኛ ድንጋይ። ስሙ ክሪስታል ሬድዮ ይባላል። የዛሬ መቶ ዓመት ገደማ በአውሮፓና በአሜሪካ ብዙ ቤተሰብ ዜናና ሙዚቃ የሰማው በዚህ መሣሪያ ነው። በጦርነት ጊዜ ደግሞ ሰዎች በሕይወታቸው ተወራርደው ሠርተውታል።

ድንጋዩ የኩል ዘመድ ነው

የድንጋዩ ስም ጋሌና ነው። እርሳስ (መጻፊያውን ሳይሆን ብረቱን ማለቴ ነው) እና ድኝ ተዋሕደው የሠሩት፣ ግራጫ መልክ ያለው፣ እንደ መስተዋት የሚያብለጨልጭና በእጅ ሲይዙት ከመጠኑ በላይ የሚከብድ ማዕድን ነው። የጥንት ግብፃውያን ፈጭተው ዓይናቸውን ይኳሉበት ነበር። ዛሬም በተለያዩ አገሮች ገበያ ላይ የሚሸጡ ኩሎች ሲመረመሩ የእርሳስ ውሕድ የተገኘባቸው ብዙ ናቸው። በጤና ሙያ ያሳለፍኩ ነኝና ይህን ሳልናገር ማለፍ አይሆንልኝም፤ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ጉዳት አያስከትልም ተብሎ የሚታወቅ የእርሳስ መጠን የለም። በተለይ በማደግ ላይ ያለውን የሕፃናት አእምሮ ይጎዳል። ስለዚህ ምንነቱ ያልታወቀ ኩል የሕፃን ዓይን አይቀባ። ጋሌና የነካ እጅም በሳሙና ሳይታጠብ ወደ አፍ አይሂድ።

ይህ ድንጋይ አንድ ልዩ ጠባይ አለው። ቀጭን የሽቦ ጫፍ ፊቱ ላይ ካለ ትክክለኛ ነጥብ ጋር ሲገናኝ፣ ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ያሳልፋል፤ በተቃራኒው ግን ይከለክላል። ይህን የማዕድናት ጠባይ እ.ኤ.አ. በ1874 ያስተዋለው ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ፈርዲናንድ ብራውን ነው። በወቅቱ ሬድዮ የሚባል ነገር ስላልነበረ ግኝቱ ለምን እንደሚጠቅም የሚያውቅ አልነበረም።

እንዴት ያለ ባትሪ ይናገራል?

የሰባተኛ ክፍል ተማሪ የሆነው የልጅ ልጄ ስለዚህ ሬድዮ ስነግረው የጠየቀኝ ጥያቄ ተገቢ ነበር፤ «እማዬ፣ ቻርጅ ካልተደረገ ኃይሉን ከየት ያመጣል?»

መልሱ አጭር ነው፤ ከራሱ ከጣቢያው። የሬድዮ ማሰራጫ ጣቢያ በብዙ ሺህ ዋት የሚቆጠር ኃይል በሞገድ መልክ ወደ አየር ይለቃል። ሞገዱ ተራራውንና ሜዳውን እያቋረጠ ሲጓዝ፣ ከፍ ብሎ የተዘረጋ ሽቦ ካገኘ በሽቦው ውስጥ እጅግ ደካማ የሆነ ኤሌክትሪክ ያስነሳል። ክሪስታል ሬድዮ ይህችን ኢምንት ኃይል ሳያባክን ወደ ጆሮ ማዳመጫ ያደርሳታል። ኃይል አይጨምርባትም። ድምፁ በሹክሹክታ ደረጃ የሚሰማውም በዚህ ምክንያት ነው።

ሥራው በሦስት ደረጃ ይከናወናል።

የመጀመሪያው መምረጥ ነው። አየሩ በብዙ ጣቢያዎች ሞገድ የተሞላ ነው። የምንፈልገውን ለይቶ የሚያወጣልን በቱቦ ላይ የተጠመጠመ የመዳብ ሽቦ ነው። ዥዋዥዌ የሚጫወት ልጅን አስቡ። ምቱን ጠብቃችሁ ገፋ ካደረጋችሁት በትንሽ ጉልበት ከፍ እያለ ይሄዳል፤ ያለ ምቱ ብትገፉት ግን ይቆማል። ጥምጥሙም የራሱ ምት አለው። የዙሩን ብዛት ስንጨምር ምቱ ይዘገያል፤ ስንቀንስ ይፈጥናል። ከምቱ ጋር የሚስማማው ጣቢያ ጎልቶ ሲመጣ ሌሎቹ ይደክማሉ።

ሁለተኛው ማጣራት ነው። እዚህ ላይ ነው ድንጋዩ የሚያስፈልገው። የመካከለኛ ሞገድ ጣቢያ በሰከንድ ከ500 ሺህ እስከ 1.6 ሚሊዮን ጊዜ ገደማ ይርገበገባል። የሰው ጆሮ የሚሰማው ደግሞ በሰከንድ ከ20 እስከ 20 ሺህ የሚደርሰውን ብቻ ነው። የጋዜጠኛው ድምፅ የተጫነው በፈጣኑ ሞገድ ከፍታና ዝቅታ ላይ ነው። ሞገዱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እኩል ስለሚመላለስ፣ እንዳለ ወደ ጆሮ ማዳመጫው ቢገባ ግፊቱና ስበቱ እርስ በርስ ይጣፋሉ። ምንም አይሰማም።

የልብን አሠራር ለምናውቅ ሰዎች መፍትሔው አዲስ አይደለም። ልባችን ቫልቮች አሏት። ደም ወደ ፊት ሲሄድ ይከፈታሉ፤ ልመለስ ሲል ይዘጋሉ። ቫልቭ ባይኖር ደሙ እዚያው እየተመላለሰ ይንቦጫረቅ ነበር እንጂ ወደ ሰውነት አይደርስም። ጋሌናውም እንደዚሁ የኤሌክትሪኩን መመለሻ መንገድ ይዘጋል። አንዱ ወገን ብቻ ሲቀር፣ የቀረው ነገር ከጋዜጠኛው ድምፅ ጋር እየጨመረና እየቀነሰ ይሄዳል።

ሦስተኛው ማሰማት ነው። የጆሮ ማዳመጫው ስስ ሽፋን በሚመጣለት ኤሌክትሪክ ልክ ይርገበገባል። አየሩን ያንቀጠቅጣል፤ አየሩም የጆሮአችንን ታምቡር ይመታል። ከጣቢያው የተነሳው ኃይል ጉዞውን የሚጨርሰው እዚያ ነው።

የድመት ጢም

የብራውን ግኝት ለሬድዮ እንዲውል መንገድ ከጠረጉት መካከል የካልካታው መምህር ጃጋዲሽ ቻንድራ ቦስ አንዱ ነው። በቅኝ ግዛት ሥር በነበረችው ሕንድ፣ በ1890ዎቹ፣ አብዛኛውን መሣሪያ ራሱ እያሠራ የሬድዮ ሞገድን ይመራመር ነበር። በጋሌና የሚሠራ የሞገድ መቀበያ እ.ኤ.አ. በ1901 አመልክቶ በ1904 በአሜሪካ የባለቤትነት መብት አግኝቷል። በ1906 ደግሞ ሁለት አሜሪካውያን በየፊናቸው ተሳካላቸው። አንደኛው ጡረታ የወጣው ጄኔራል ሄንሪ ደንዉዲ ሲሆን ካርቦረንደም በሚባል ማዕድን ተጠቀመ። ሌላው ግሪንሊፍ ዊቲየር ፒካርድ በሲሊከን ተጠቀመ። ፒካርድ ትክክለኛውን ለማግኘት ከ30 ሺህ በላይ የማዕድንና የሽቦ ጥንዶችን እንደሞከረ ይነገርለታል።

ድንጋዩን የሚነካው ሽቦ ከቅጥነቱ የተነሳ «የድመት ጢም» የሚል ስም ወጣለት። አድማጩ ጢሙን ይዞ በድንጋዩ ፊት ላይ እያነሳ እያስቀመጠ የሚሠራውን ነጥብ ይፈልጋል። ሁሉም ነጥብ አይሠራም። ሲያገኘው ትንፋሹን ውጦ ያዳምጣል። ሰው በሩን ወርወር አድርጎ ቢዘጋ ጢሙ ይናጋና ፍለጋው እንደገና ይጀመራል። በጊዜው የነበሩ ልጆች በቤት ውስጥ እንዳይሮጡ የተቆጡባቸው አንዱ ምክንያት ይህ ሳይሆን አይቀርም።

እ.ኤ.አ. ኅዳር 2 ቀን 1920 በአሜሪካ ፒትስበርግ ከተማ ኬዲኬኤ የተባለው ጣቢያ የፕሬዚዳንታዊውን ምርጫ ውጤት በአየር ላይ አሰማ። በኅዳር 1922 ደግሞ ቢቢሲ ከለንደን የዕለት ስርጭቱን ጀመረ። በቫልቭ አምፖል የሚሠራው ሬድዮ ውድ ነበር፤ ባትሪውም ከባድና ብዙ ወጪ የሚጠይቅ። ክሪስታል ሬድዮ ግን በርካሽ ይገዛል፤ የእጅ ሙያ ያለው ደግሞ ማታ ማታ በቤቱ ይሠራዋል። የአሜሪካ መንግሥት የደረጃዎች ቢሮ ራሱ በ1922 የአሠራሩን መመሪያ አሳትሞ ለሕዝብ አቅርቧል። በብሪታንያ አድማጩ በዓመት 10 ሺሊንግ የፈቃድ ክፍያ ይከፍል ነበር። በ1926 የወጣ ሕግ ዓይነ ስውራንን ከዚህ ክፍያ ነፃ አደረጋቸው። ጋዜጣ ማንበብ ለማይችል ሰው ሬድዮ ምን ያህል እንደሚያስፈልገው ሕግ አውጪዎቹ ገብቷቸው ነበር ማለት ነው።

መስማት ወንጀል በሆነበት ጊዜ

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1944 መጀመሪያ፣ የአሜሪካና የብሪታንያ ወታደሮች በጣሊያን አንዚዮ ጠረፍ ጉድጓድ ቆፍረው ለወራት ተቀምጠው ነበር። ሬድዮ ማዳመጥ ቢፈልጉም አንዳንዱ ዓይነት መቀበያ ራሱ ሞገድ ስለሚያመነጭ ጠላት ያሉበትን ቦታ ሊያውቅ ይችላል። ክሪስታል ሬድዮ ግን ይቀበላል እንጂ አያሰራጭም። ጋሌና ስላልነበራቸው የጺም ምላጭ ተጠቀሙ። በሙቀት ሰማያዊ መልክ የያዘ ምላጭ ላይ፣ በመርፌ ቁልፍ ጫፍ የታሰረ የእርሳስ ፍም (አሁን መጻፊያውን ማለቴ ነው) ሲያሳርፉ ምላጩ የጋሌናውን ሥራ ሠራላቸው።

ከዚህ የበለጠ ልቤን የነካው ግን የጀርዚ ደሴት ታሪክ ነው። ጀርዚና ገርንዚ ከፈረንሳይ ጠረፍ አጠገብ ያሉ፣ በብሪታንያ ዘውድ ሥር የሚተዳደሩ ትናንሽ ደሴቶች ናቸው። የጀርመን ጦር በ1940 ክረምት ያዛቸው፤ በሰኔ 1942 ደግሞ ነዋሪው ያለውን ሬድዮ በሙሉ እንዲያስረክብ ታዘዘ። ከዚያ በኋላ የቢቢሲን ዜና መስማትም ሆነ ለሌላ ማውራት የሚያስቀጣ ወንጀል ሆነ።

ክሊፎርድ ኮሁ የተባሉ ካህን በጀርዚ አጠቃላይ ሆስፒታል ሕሙማንን እየዞሩ ያጽናኑ ነበር። አልጋ ላይ ለተኙት ሰዎች ጸሎት ብቻ ሳይሆን የጦርነቱን ዜናም ያደርሱላቸው ነበር። በሕሙማን ክፍል ውስጥ የሠራ ሁሉ የዚህን ዋጋ ያውቀዋል። ውጭ ያለው ዓለም የተዘጋበት ሕመምተኛ መድኃኒቱን ወስዶም ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል፤ አንድ መልካም ወሬ ሲሰማ ግን ምግቡን ይጠይቃል። ካህኑ በ1943 ተያዙ፤ አብረዋቸውም ሬድዮ በማዳመጥና ዜና በማሰራጨት የተከሰሱ ሰዎች ታሰሩ። ወደ ጀርመን ተወስደው በመስከረም 1944 በ60 ዓመታቸው ዞሸን በተባለ ካምፕ ሕይወታቸው አለፈ። አብረዋቸው ከተፈረደባቸው መካከል ጆን ኒኮልና ጆሴፍ ቲርኒም ወደ ቤታቸው አልተመለሱም።

የደሴቲቱ ሰዎች ይህን እያዩ ማዳመጣቸውን አላቆሙም። ፋብሪካ የሠራውን ሬድዮ መደበቅ ከባድ ስለሆነ ብዙዎች ወደ ክሪስታል ዞሩ። ክሪስታል ሬድዮ በክብሪት ቀፎ፣ በመጽሐፍ መሐል ወይም በወንበር እግር ሥር ሊደበቅ ይችላል። የጆሮ ማዳመጫ ሲጠፋ ከሕዝብ ስልክ እጀታ ላይ እየተፈታ ይወሰድ ነበር። በ1945 መጀመሪያ ነዳጅ አልቆ የኤሌክትሪክ መብራት ሲቋረጥ፣ በድብቅ የተቀመጡት ትልልቅ ሬድዮኖች ዝም አሉ። ክሪስታሉ ግን መብራት አያስፈልገውምና መናገሩን ቀጠለ። ደሴቶቹ ግንቦት 9 ቀን 1945 ነፃ ሲወጡ ብዙ ሰው የነፃነቱን መቃረብ አስቀድሞ ያውቅ ነበር።

ዜና ከምግብና ከመድኃኒት ቀጥሎ የሚመጣ ነገር መሆኑን እኔም በሥራዬ አይቻለሁ። በገጠር ጤና ጣቢያ ሳለሁ የክትባት ዘመቻ ቀን በሬድዮ ይነገር ነበር። እናቶች በሰዓቱ ካልመጡ ከምናገኛቸው ምክንያቶች አንዱ «ሬድዮኑ ድንጋይ የለውም» የሚል ነበር። ያኔ ቤት ለቤት እንሄዳለን። የሁለት ድንጋይ ዋጋ የአንድን ሕፃን ክትባት ሊያስቀር እንደሚችል በመጻሕፍት ሳይሆን በእግሬ ተምሬዋለሁ።

ከድንጋዩ እስከ ጣት መለኪያው

ክሪስታል ሬድዮ ከገበያ ቢጠፋም ዘሩ አልጠፋም። ኦሌግ ሎሴቭ የተባለ ሩሲያዊ ወጣት በ1920ዎቹ የሬድዮ ክሪስታሎችን ሲመረምር፣ ካርቦረንደም ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ቀዝቃዛ ብርሃን እንደሚሰጥ አስተውሎ በዝርዝር ጻፈ። ከእሱ በፊት በ1907 እንግሊዛዊው ሄንሪ ራውንድ ያንኑ ብርሃን አይቶ ነበር። ሎሴቭ ኋላ በሌኒንግራድ በሕክምና ተቋም ውስጥ ሲሠራ፣ ከተማዋ በጀርመን ጦር ተከብባ ሳለ በ1942 በረሃብ ሞተ። ገና 38 ዓመቱ ነበር። ያ ብርሃን ዛሬ ኤልኢዲ የምንለው ነው። በሽተኛ ጣት ላይ አጥልቀን በደሙ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የምንለካበት መሣሪያ የሚሠራው በሁለት ዓይነት ኤልኢዲ ነው፤ አንዱ ቀይ፣ ሌላው ለዓይን የማይታይ።

በታኅሣሥ 1947 ደግሞ ጆን ባርዲንና ዋልተር ብራቴን በአሜሪካ ቤል ላቦራቶሪ ጀርማኒየም በተባለ ክሪስታል ላይ ሁለት የወርቅ ጫፎችን አቀራርበው አሳርፈው ደካማ ኤሌክትሪክን ማጉላት ቻሉ። አንዱ የድመት ጢም ሁለት ሆነ ማለት ነው። ይህ ትራንዚስተር ነው። ከዊልያም ሾክሊ ጋር በ1956 የኖቤል ሽልማት አስገኝቶላቸዋል። የአባቶቻችን «ትራንዚስተር ሬድዮ» ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። በኪሳችን ያለው ሞባይልም በቢሊዮን የሚቆጠሩ ትራንዚስተሮች አሉት።

ከልጆች ጋር ለመሥራት

የሚያስፈልገው ጥቂት ነው። 7 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ጠንካራ የካርቶን ቱቦ ወይም የሃይላንድ ፕላስቲክ፣ ከሞተር ጠምጣሚዎች የሚገኝ ቀለም የተቀባ ቀጭን የመዳብ ሽቦ፣ አንድ የጀርማኒየም ዳዮድ (ጋሌናውን የሚተካና እርሳስ የሌለበት)፣ እና ክሪስታል የሚባለው የጆሮ ማዳመጫ። የሞባይል ማዳመጫ ኃይሉን ስለሚያባክነው በቀጥታ አይሠራም። ዳዮዱም ተራው የሲሊከን ዓይነት ባይሆን ይመረጣል፤ ሲሊከን ለመከፈት 0.6 ቮልት ገደማ ሲፈልግ ጀርማኒየም በግማሽ ያህሉ ይከፈታል።

ሽቦውን ቱቦው ላይ አጠጋግታችሁ 100 ዙር ጠምጥሙ። በየ10 ዙሩ ትንሽ ቀለበት አውጡና ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ፋቁለት። የጥምጥሙን አንድ ጫፍ እርጥብ መሬት ውስጥ ከተተከለ ብረት ጋር አገናኙ። ከ15 እስከ 30 ሜትር የሚደርስ ሽቦ ከፍ አድርጋችሁ ዘርጉና ጫፉን ከአንዱ ቀለበት ጋር አያይዙ። ከዚያው ቀለበት ዳዮዱን፣ ከዳዮዱ ማዳመጫውን፣ የማዳመጫውን ሌላ ሽቦ ደግሞ ወደ መሬቱ ሽቦ አድርሱ። በማዳመጫው ሁለት ሽቦዎች መካከል 47 ሺህ ኦም ሬዚስተር ቢገባ ድምፁ ይጠራል። ከዚያ የተዘረጋውን ሽቦና ዳዮዱን አንድ ላይ ከቀለበት ወደ ቀለበት እያዛወራችሁ ጣቢያ ፈልጉ። መሣሪያው የሚቀበለው የመካከለኛ ሞገድ ጣቢያ ብቻ ነው፤ ኤፍኤም አትጠብቁ። ማሰራጫው በቀረበ መጠን ድምፁ ይጎላል። መሸት ሲል ደግሞ የመካከለኛ ሞገድ ከላይኛው የአየር ክፍል ላይ እየነጠረ ሩቅ ስለሚጓዝ ማታ መሞከር ይሻላል።

ጥንቃቄውን ከሥራው አስቀድሙ። ሽቦው ከመብራት መስመር በላይም ሆነ በታች፣ አጠገቡም ቢሆን አይዘርጋ። ደመና ሲጠቁር አትሞክሩት፤ ያለቀ እንደሆነም ሽቦውን ከቤት ውጭ አውጥታችሁ ከመሬቱ ብረት ጋር እሰሩት፤ የክረምት መብረቃችን ቀልድ አያውቅም። ምንም ዓይነት ሽቦ ሶኬት ውስጥ አይግባ። የጆሮ ማዳመጫው ከአንድ ልጅ ወደ ሌላው ሲተላለፍ በአልኮል ይጠረግ።

በአውሮፓ የመካከለኛ ሞገድ ጣቢያዎች አንድ በአንድ እየተዘጉ ነው። የጀርመኑ ዶይችላንድፉንክ በ2015 መጨረሻ አቁሟል። የሚያናግረው ጣቢያ ከሌለ ክሪስታል ሬድዮ ድንጋይና ሽቦ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ለልጆቻችሁ ለማሳየት የምታስቡ ከሆነ ብዙ ዓመት አትቆዩ። ክረምቱ ሲወጣና የትምህርት ቤት ሥራ ሳይበዛ አንድ ቅዳሜ ይበቃል። ቤቱን ጸጥ አድርጉ፤ ቴሌቪዥኑን ዝጉ፤ መጀመሪያም ማዳመጫውን ለትንሹ ልጅ ስጡት።